ስለ ፈጣን የበሽታ ምርመራና ስለ ተቆጣጣሪው

በገበያ እህል የሚሰፍር ሰው ቁናውን ይዞ ሲቀመጥ ሻጭም ገዥም የሚመለከቱት እህሉን ነው። ቁናው ጎድሎ ወይም ተርፎ እንደ ሆነ የሚታወቀው ሌላ ቁና መጥቶ ሲመሳከር ብቻ ነው። በቀድሞው ዘመን የአንዱ አገር መስፈሪያ ከሌላው አገር መስፈሪያ ጋራ ስለማይስማማ፥ ብልህ ነጋዴ ስለ ቁናው ሳይጠይቅ ዋጋ አይቈርጥም ነበር። በሰው ደም ላይ የሚፈርደው መስፈሪያ ግን ከእህሉ ቁና ይልቅ እጅግ የረቀቀ ሆኖ ሳለ፥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣበት ሰው ጥቂት ነው።

ቀድሞ የበሽታ ምርመራ ማለት ደም ወይም ሽንት በጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት፥ በዚያም ለዚሁ ሥራ የተማረ ሰው በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚፈርድበት ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ምርመራው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሕመምተኛው መጥቷል። ጣት በመርፌ ይወጋል፤ አንዲት የደም ጠብታ ከጣት በማትበልጥ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ትደረጋለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀይ መስመር ይታያል ወይም አይታይም፤ በዚያም ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ይሰጣል ወይም ይከለከላል። ወባ፥ ኤች አይ ቪ፥ ቂጥኝ፥ እርግዝና፥ የደም ስኳር፥ በቅርቡ ዘመንም የኮሮና ቫይረስ በዚህ ወይም ይህን በመሰለ መንገድ ሲመረመሩ ይታያል።

የዚህ ነገር ጥቅሙ ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም። በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ፥ በአብዛኛው ሁለት ሁለት ሴቶች ሠራተኞች ተመድበውበታል። እነዚህ ሴቶች የላቦራቶሪ ሙያ አልተማሩም፤ በኬላቸውም ማይክሮስኮፕ የለም። ፈጣኑ መመርመሪያ ባይመጣላቸው ኖሮ፥ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ሁሉ ወባ ነው ብለው መድኃኒት ከመስጠት፥ ወይም እናቲቱን ልጇን አዝላ ወደ ሩቅ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ከመስደድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በአንዲት ትንሽ ሣጥን የገባው መሣሪያ ላቦራቶሪ ያልደረሰበትን አገር ሁሉ ደርሶበታል።

ይሁን እንጂ ላቦራቶሪን ላቦራቶሪ የሚያሰኘው ግድግዳውና ማይክሮስኮፑ ብቻ አልነበረም። በዚያ ቤት ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ከሕመምተኞቹ ናሙና ጋራ ይመረመራል፤ የማቀዝቀዣው ሙቀት በየጠዋቱ በመዝገብ ይጻፋል፤ አንዱ ያነበበውን ስላይድ ሌላው ደግሞ ያነበዋል፤ የተሳሳተ ውጤት ሲገኝ ምክንያቱ ይፈለጋል። ምርመራው ከቤቱ ሲወጣ መሣሪያው ወጣ እንጂ ይህ ሥርዐት ሁሉ አብሮት አልወጣም።

በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ጽሕፈት ያደገ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል። ጸሐፊው ብራናውን ጽፎ ሲፈጽም ሥራው አለቀ አይባልም፤ ሌላ ዐዋቂ ከእናቲቱ ቅጂ ጋራ አስተያይቶ የጐደለውን ቃል በመስመሮቹ መካከል ይጨምራል፥ የተረፈውን ይፍቃል። ጸሐፊው መልካም እጅ ስላለው እርማት አያስፈልገውም የሚል መምህር የለም። ፊደሉ ያማረ ጸሐፊ የሳተው ቃል ከሁሉ ይልቅ ሳይታወቅ ያልፋልና። በፕላስቲኩ ላይ ጠርቶ የሚወጣው ቀይ መስመርም እንደዚሁ ነው፤ ያየው ሁሉ ያምነዋል።

በመመርመሪያው ላይ ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ የመስመር ስፍራዎች አሉ። አንዱ ስለ በሽታው የሚናገር ነው፤ ሌላው የመቆጣጠሪያ መስመር ይባላል፥ በአጠገቡም «ሲ» የተባለው የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ይህ መስመር ከታየ መመርመሪያው ደኅና ነው፥ ውጤቱም የታመነ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የመቆጣጠሪያው መስመር የሚመሰክረው ፈሳሹ ከመነሻው ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መድረሱን፥ ቀለም ተሸካሚውም በመንገዱ መጓዙን ነው። በበሽታው መስመር ላይ የተለጠፈው አንቲቦዲ በሙቀት ተበላሽቶ እንደ ሆነ አይናገርም። ደሙ በልኩ መጨመሩንም አይናገርም፤ በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ጭራሽ ደም ሳይጨመር ፈሳሹ ብቻ ቢፈስስ እንኳ መስመሩ ሊወጣ ይችላል። ምስክርነቱ ሐሰት ነው አይባልም፤ ነገር ግን ከተጠየቀው ጥያቄ ሁሉ አንዱን ብቻ ነው የሚመልሰው።

ስለ ሙቀቱ ጉዳይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የወባ መመርመሪያ እንደ አሠራሩ ከ30 ወይም ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት እንዲቀመጥ በሣጥኑ ላይ ተጽፏል። ወባ የሚበዛበት አገር ደግሞ ቆላ ነው። ሣጥኑ ከመርከብ ወርዶ በመጋዘን ሲከርም፥ በፀሐይ በቆመ የጭነት መኪና ላይ ሲውል፥ በመጨረሻም በጤና ኬላው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲቀመጥ ምን ያህል ሙቀት እንደ ደረሰበት፥ ቴርሞሜትር ካልተከተለው በቀር የሚያውቅ አይኖርም። የመጠቀሚያ ጊዜው በሣጥኑ ላይ ገና አላለፈም፤ ነገር ግን ይህ ቀን የተቈረጠለት በታዘዘው ሙቀት ተቀምጦ ከኖረ ብቻ ነው።

የዐይንና የእጅ ስሕተትም አለ። ጠብታው ከልኩ ቢያንስ ወይም ቢበዛ፥ ፈሳሹ ሦስት ጠብታ በሚባልበት ስፍራ ስድስት ቢንጠባጠብ፥ በ15 ደቂቃ ሊነበብ የታዘዘው ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢነበብ፥ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል፤ በጊዜው ያልነበረ ደብዛዛ መስመር ዘግይቶ ይታያልና። እዚህ ላይ የግዥ ክፍል ኃላፊዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። እያንዳንዱ ፋብሪካ የጠብታውን ቁጥርና የደቂቃውን ልክ በየራሱ ይወስናል። በያንዳንዱ ጨረታ ዋጋው ያነሰው ሲመረጥና ዓይነቱ በየጊዜው ሲለዋወጥ፥ ሠራተኛዪቱ ትናንት በእጇ የለመደችው ልክ ዛሬ ስሕተት ይሆንባታል። በጨረታው የተቈጠበው ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት የጠፋው ውጤት ግን በየትም አይጻፍም።

እስከ አሁን የተነገረው ስሕተት ሁሉ በጥንቃቄ ሊታረም የሚችል ነው። መሣሪያው ደኅና፥ ሠራተኛዪቱም ጠንቃቃ ሆነው ሳሉ ውጤቱ ሐሰት የሚሆንበት ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ይህም በወባ ምርመራ ላይ የደረሰው ነገር ነው፤ ለኢትዮጵያም ሩቅ ወሬ አይደለም።

ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው ነፍስ ገዳዩ የወባ ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ሲኖር «ኤች አር ፒ 2» የሚባል ፕሮቲን በብዛት ያመነጫል። መመርመሪያዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት ይህን ፕሮቲን እንዲይዙ ነው፤ ፕሮቲኑ ብዙ ስለ ሆነ፥ መመርመሪያውም ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚችል፥ ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ከፔሩ የአማዞን ምድር ያልተጠበቀ ወሬ ታተመ። በዚያ ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ጭራሽ ያጡ ተውሳኮች ተገኙ። በእንዲህ ያለ ተውሳክ የታመመ ሰው ደሙ በወባ ቢሞላም መመርመሪያው «የለም» ይላል።

ከዚያም ነገሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቀረበ። በኤርትራ በጊንዳዕና በምጽዋ ሆስፒታሎች፥ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ወባ ያለባቸው ሕመምተኞች በፈጣኑ መመርመሪያ የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። ደማቸው በ2016 ዓ.ም. ተወስዶ ሲመረመር፥ ዘረመሉ በጊንዳዕ ከ26 ሕመምተኞች በ21ዱ፥ በምጽዋ ከ24ቱ በ10ሩ ጠፍቶ ተገኘ። ኤርትራም በዚያው ዓመት መመርመሪያዋን ለወጠች። በኢትዮጵያ ደግሞ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. በአማራ፥ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱም በ2021 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከመቶ የፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 ያህሉ በዚሁ ዘረመል መጥፋት ምክንያት በመመርመሪያው ሳይታወቁ እንደሚያልፉ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲለወጥ የሚመክረው ይህ ቁጥር ከመቶ 5 ሲያልፍ ነው።

አስተዋይ አንባቢ በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት ይቆይ። ከአሥር ሕመምተኞች አንዱ ያህል ማለት ነው። ያ አንዱ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቢሆን፥ ሠራተኛዪቱ በታዘዘችው መሠረት የወባ መድኃኒት ሳትሰጥ ትሰደዋለች፤ እናቲቱም ወባ አይደለም ተብላ ተጽናንታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ፋልሲፓረም ያልታከመ እንደ ሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አንጎል ሊወጣ የሚችል በሽታ ነው።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። መመርመሪያው ያየው ተውሳክ በመድኃኒት ይጠፋል፤ ያላየው ግን በሕመምተኛው ደም ውስጥ ይቆያል፥ ትንኝም ከዚያ ቀድታ ለሌላው ታደርሰዋለች። ስለዚህ ምርመራው በተስፋፋ መጠን ለመመርመሪያው የማይታየው ዘር ይመረጣል፥ ይበዛልም። በኢትዮጵያ የተደረገውም ጥናት ይህ ዘር በቅርብ ዘመን ተመርጦ መብዛቱን የሚያሳይ ምልክት አግኝቷል። መሣሪያው በራሱ ሥራ ራሱን እያሳወረ ሄደ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በጤና ኬላው ውስጥ ያለች ማንም ጠንቃቃ ሠራተኛ ይህን ልታውቀው አትችልም፤ የመቆጣጠሪያው መስመር በያንዳንዱ ጊዜ ጠርቶ ወጥቶላታልና። ሊያውቀው የሚችለው በየጊዜው የኬላዎቹን ውጤት ከማይክሮስኮፕና ከዘረመል ምርመራ ጋራ የሚያመሳክር ከበላይ ያለ ክፍል ብቻ ነው።

ሌላ ፕሮቲን፥ ይኸውም ተውሳኩ ያለ እርሱ ሊኖር የማይችለውን «ኤል ዲ ኤች» የተባለውን የሚይዙ መመርመሪያዎች አሉ። ተውሳኩ ይህን ጥሎ ማምለጥ አይሆንለትም። ዳሩ ግን እነዚህ መመርመሪያዎች በጠቅላላው ሙቀትን የመቻል ኃይላቸው ከቀድሞዎቹ ያነሰ ነው። እንግዲህ ዓይነቱን መለወጥ ብቻውን መፍትሔ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ የመጋዘኑን ቴርሞሜትር ከቀድሞው ይልቅ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

እንዲህ ያለው ነገር የድኻ አገር ዕጣ ብቻ እንዳይመስል፥ በአሜሪካ የደረሰውን መናገር ይገባል። በዚያ አገር በሆስፒታሎች የሚሠራበት አንድ ዓይነት የደም ስኳር መለኪያ ነበር፤ አሠራሩ ግሉኮስን ከማልቶስ ለይቶ አያውቅም ነበር። ኩላሊታቸው ደክሞ በሆድ በኩል የሚታጠቡ አንዳንድ ሕመምተኞች ደግሞ በሰውነት ውስጥ ወደ ማልቶስ የሚለወጥ ፈሳሽ ይሰጣቸዋል። መለኪያው ማልቶሱን ሁሉ ስኳር ነው ብሎ ይቈጥራል፤ ነርሷ ከፍ ያለውን ቁጥር አይታ ኢንሱሊን ትሰጣለች፤ የሕመምተኛው እውነተኛ ስኳር ግን ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። የአገሩ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በነሐሴ ወር 2009 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ከእንዲህ ያለው ሐሰተኛ ንባብ ጋራ የተያያዙ 13 ሞቶች እንደ ተነገሩት ገለጠ። መለኪያው አልተሰበረም ነበር፤ ነርሷም የታዘዘችውን ፈጽማለች። ከ1997 እስከ 2009 ዓ.ም. ያለው ግን 12 ዓመት ነው። አንዱ ሆስፒታል ያየውን ሌላው እንዲያውቀው፥ የሁሉም ወሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መከማቸት ነበረበት።

በዚያው አገር ላቦራቶሪዎችን የሚገዛ ሕግ በ1988 ዓ.ም. ወጥቷል። የሕጉ መነሻ የማኅፀን በር ካንሰርን ለማወቅ የሚነበቡ ስላይዶች ጉዳይ ነው፤ በስላይድ ቁጥር የሚከፈላቸው አንባቢዎች በጥድፊያ እያነበቡ ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ደኅና ናቸው ማለታቸው በጋዜጣ ተገልጦ ሕዝቡ ስለ ተቈጣ፥ ምክር ቤቱ ሕጉን አወጣ። በሕጉ ደንብ አንድ ሰው በቀን ከ100 ስላይድ በላይ እንዳያነብ ተከለከለ። ነገር ግን ይኸው ሕግ ቀላል ናቸው ለተባሉ ምርመራዎች በር ከፈተ። ስሕተታቸው ጉዳት አያመጣም ወይም ሊሳሳቱ አይችሉም የተባሉት ምርመራዎች ከቁጥጥሩ ነጻ ሆኑ፤ ሠሪው የፋብሪካውን መመሪያ እንዲከተል ብቻ ታዘዘ፥ በየጊዜው የሚጐበኘውም ሰው አልተመደበም። በ1992 ዓ.ም. ደንቡ ሲወጣ እነዚህ ምርመራዎች ስምንት ዓይነት ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶ በላይ ሆነዋል፥ በአገሩ ካሉት የምርመራ ስፍራዎችም አብዛኞቹ በዚህ ነጻነት የሚሠሩ ናቸው። የመንግሥት ተቈጣጣሪዎች በኋላ ከእነዚህ ስፍራዎች በብዙዎቹ ሄደው ሲያዩ፥ መመሪያው ያዘዘውን የጥራት ቁጥጥር የማይፈጽሙት ከአምስቱ አንድ ያህል ሆነው ተገኙ፤ የጊዜውን መመሪያ በእጃቸው ያልያዙም ነበሩ። ቀላል የተባለው ነገር ቀላል መሆኑ የሚታወቀው ሲጐበኝ ነው።

በኢትዮጵያም ሕግ የለም አይባልም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የሕክምና መሣሪያዎችንም ይመለከታል፤ የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገባውን ይመዘግባል፥ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የላቦራቶሪዎችን ጥራት ከውጭ ሆኖ ይመዝናል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህን መመርመሪያዎች መርምሮ የበቁትን በዝርዝር ያስታውቃል። እንግዲህ በበሩ ላይ ዘበኛ አለ ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር ከበሩ በኋላ ያለው መንገድ ነው። የጤና ኬላዎቹ ቁጥር ከ15,000 በላይ ሲሆን፥ ለጥቂት መቶ ላቦራቶሪዎች የተሰናዳ ተቈጣጣሪ እነዚህን ሁሉ እየዞረ ሊያይ አይችልም።

ይህንም ችግር በሩቅ ሆኖ ለመወጣት በኤች አይ ቪ ምርመራ የተገኘ መልካም ዘዴ አለ። ውጤቱ በማዕከል የታወቀ ናሙና ጥቂት አረንጓዴ ቀለም ተጨምሮበት በትንሽ ቱቦ ውስጥ ይደርቃል፤ ማቀዝቀዣ ስለማያስፈልገው በፖስታ እንኳ ይላካል። በሩቅ ያለው ሠራተኛ ፈሳሽ ጨምሮ ያሟሟዋል፥ እንደ ሕመምተኛ ደም አድርጎ ይመረምረዋል፥ ያገኘውንም ጽፎ ይመልሳል። ማዕከሉም ማን እንደ ሳተና በየትኛው መመርመሪያ እንደ ሳተ ያውቃል። በእርግጥ ፈተና መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከዘወትሩ ይልቅ ተጠንቅቆ ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን ተጠንቅቆም የሳተ ሰው በዘወትር ቀን እንዴት እንደሚሠራ ለመገመት አያስቸግርም።

ኤች አይ ቪ ከተነሣ ዘንድ፥ ስለ አንድ ሒሳብ መናገር ያስፈልጋል፤ የሒሳቡ ነገር ከኃላፊዎች ብዙ ጊዜ ይሰወራልና። አንድ መመርመሪያ ቫይረሱ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች 98ቱን በትክክል «የለባቸውም» የሚል ይሁን። ይህ መልካም መሣሪያ ይባላል። በአንድ ወረዳ 1,000 ሰዎች ቢመረመሩና ከእነርሱ 10ሩ ብቻ ቫይረሱ ያለባቸው ቢሆኑ፥ ከቀሩት 990 ሰዎች 20 ያህሉ በሐሰት «አለባቸው» ይባላሉ። ስለዚህ መስመር ከወጣባቸው 30 ሰዎች 20ው ደኅነኞች ናቸው። ለዚህ ነው ማንም ሰው በአንድ መመርመሪያ ብቻ የማይፈረድበት፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ልዩ ልዩ መመርመሪያ ይጠየቃል፥ መድኃኒቱ ከመጀመሩም በፊት ምርመራው ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. በሁሉም አገር ሦስት ተከታታይ ምርመራ እንዲሆን የመከረውም በሽታው እየቀነሰ በሄደ መጠን ሐሰተኛው መስመር ከእውነተኛው እየበዛ ስለሚሄድ ነው። አንዱን ደረጃ ለመድኃኒትና ለጊዜ ቁጠባ ሲል የሚዘል ሰው፥ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚውጥ፥ ምናልባትም ትዳሩ የሚፈርስበት ሰው ያለ በደሉ ይፈጥራል።

እንግዲህ የቁጥጥሩ ወጪ ከመመርመሪያው ዋጋ ጋራ ተደምሮ ካልታየ፥ መመርመሪያው ርካሽ ነው ማለት ሒሳብን ማጉደል ነው። የሚላኩት የደረቁ ናሙናዎች፥ የመጋዘኑ ቴርሞሜትር፥ ዓይነቱ በተለወጠ ቁጥር የሚሰጠው ትምህርት፥ በየጊዜው የሚደረገው የዘረመል ጥናት፥ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በጀት ሲቀነስም አስቀድመው የሚቀነሱት እነርሱ ናቸው፥ በመቅረታቸው በዚያው ቀን የሚጮኽ ሰው የለምና።

በኤርትራ ነገሩ የታወቀው መመርመሪያው «የለም» ያለውን በማይክሮስኮፕ ደግመው ባዩ ሰዎች ነው። በጤና ኬላ ማይክሮስኮፕ ባይኖርም መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ፥ «ወባ የለበትም» ተብሎ ተሰዶ በሳምንት ውስጥ በዚያው ትኩሳት የተመለሰ ልጅ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ቢሰመር፥ እንዲህ ያሉ ልጆች በበዙበት ወረዳ ጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ሊልክ ይችላል። ዓምዱን ለማስመር ማስመሪያና እርሳስ ይበቃል። በየወሩ መጨረሻ ዓምዱን ከየኬላው ሰብስቦ የሚያነብ፥ ያነበበውንም ለበላይ የሚያስታውቅ አንድ ሰው በወረዳው ጽሕፈት ቤት መመደብ ግን የበጀት ጉዳይ ነው።